«ካሳ» ብሎ የፈረመው ንጉሥ፦ ቴዎድሮስና ጄኔራል ናፒየር በመቅደላ የተጻጻፉት

ሚያዝያ 4 ቀን 1860 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። የስቅለት ማግስት። በዚያ ዕለት መቅደላ ላይ አንድ ደብዳቤ ተጻፈ። ያጻፈው ሰው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ነው። ደብዳቤው ግን «ንጉሠ ነገሥት ቴዎድሮስ» ብሎ አይጀምርም። በሥላሴ ስም ይጀምርና በክርስቶስ ያመነ ካሳ እንዲህ ይላል ብሎ ይቀጥላል። ካሳ፣ እናቱ ያወጣችለት ስም። ዘውድ ከጫነ 13 ዓመት አልፎታል። ደብዳቤው የተላከው ለእንግሊዙ ጄኔራል ለናፒየር ነው። በማግስቱ፣ በፋሲካ ዕለት፣ ለዚያው ሰው ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፈ። በዚህኛው ላይ ንጉሠ ነገሥት ቴዎድሮስ ተመልሶ መጥቷል።

በአንድ ሌሊት ምን ተፈጠረ? የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እሱ ነው። ስለ መቅደላ ብዙ ተብሏል። ስለ መድፉ፣ ስለ ሽጉጡ፣ ስለ ተዘረፈው ቅርስ። ስለ ደብዳቤዎቹ ግን ብዙም አይወራም። አንድ መሪና አንድ የጦር መኮንን በሁለት ቀን ውስጥ የተላላኩትን ቃል በዝግታ ስታነቡት፣ ጦርነቱ የተሸነፈው አንዴ አሮጌ በሚባለው ሜዳ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ በወረቀት ላይ እንደነበር ታያላችሁ።

ከመነሻው እንጀምር። ነገሩ ሁሉ የመጣው መልስ ካላገኘ ደብዳቤ ነው። በ1855 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ቴዎድሮስ ለእንግሊዟ ንግሥት ለቪክቶሪያ ጻፈ። ቆንስሉ ካሜሮን ከንግሥቲቱ ስጦታ ይዞ መጥቶ ነበርና ወዳጅነቱን ለማጥበቅ ፈለገ። መልእክተኞች ልኮ ቱርክን በጋራ ለመቋቋም አሰበ። ደብዳቤው ለንደን ደረሰ። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ተቀበለውና አስቀመጠው። መልስ የለም። አንድ ዓመት አለፈ፣ አሁንም የለም። በአገራችን ደንብ ሰላምታ ተልኮለት ዝም ያለ ሰው ሰድቧል ማለት ነው። ቴዎድሮስም እንደዚያው ተረዳው። ካሜሮንን አሰረው፣ ሌሎች አውሮፓውያንንም እንዲሁ። ሊያስፈታቸው የተላከው ራሳም በ1858 ዓ.ም. ደብዳቤ ይዞ ሲደርስ መጀመሪያ በክብር ተቀበሉት፣ ኋላ ግን እሱም ታሰረ።

እንግሊዝ ለደብዳቤው የከፈለችው መልስ ጦር ሆነ። ወደ 13,000 የሚጠጉ ወታደሮች፣ ከእነሱ የሚበዛው ከህንድ። ከወታደሩ ሌላ 26,000 ያህል ተከታይ። ከ40,000 በላይ የጋማ ከብትና ሌላ እንስሳ፣ ከነሱ ውስጥ 44 ዝሆን። ዙላ ላይ ወደብ ሠሩ፣ ከወደቡ ወደ ውስጥ የባቡር ሐዲድ ዘረጉ። የዘመቻው ወጪ መጀመሪያ ከታሰበው እጅግ በልጦ ስምንት ሚሊዮን ፓውንድ አለፈ። ለአንድ ደብዳቤ መልስ መጻፍ ስንት ያስወጣ ነበር?

የጦሩ አዛዥ ሰር ሮበርት ናፒየር ነው። በስሪላንካ ኮሎምቦ የተወለደ፣ ገና በልጅነቱ ሠራዊት ውስጥ የገባ መሐንዲስ መኮንን። ዕድሜውን ሙሉ በወታደር ቤት የኖረ ሰው ነው። በፑንጃብ ከሲኮች ጋር፣ በላክናው፣ በቻይና ተዋግቷል። ወደ እኛ ሲመጣ 57 ዓመቱ ነበር። ስለ እሱ አንድ ነገር ልብ በሉ። ፖለቲከኛ አይደለም። የተሰጠው ትእዛዝ እስረኞቹን ማስፈታት ነው። አገር ለመግዛት አልመጣም፣ ንጉሥ ለመሾምም አልመጣም። መንገድ ላይ ከትግራዩ ካሳ ጋር ተገናኝቷል፣ ኋላ ዐፄ ዮሐንስ ከሆኑት ጋር። መንገድና ስንቅ እንዳይከለከል ተነጋገረ፣ አለፈ። እንደዚህ ያለ ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ የሚጽፈው ልክ ትእዛዝ እንደሚጽፍ ነው። የተፈቀደለትን ይላል፣ ያልተፈቀደለትን አይልም።

አሁን ወደ ሚያዝያ እንምጣ።

ሐሙስ ሚያዝያ 2፣ ቴዎድሮስ ከመቅደላ አምባ ግርጌ፣ እስላምጌ ላይ፣ ክፉ ሥራ ሠራ። ኢትዮጵያውያን እስረኞችን አስገደለ። ብዙዎቹ ከነሰንሰለታቸው ከገደል ተወረወሩ። ይህን ዘልዬ ማለፍ አልፈልግም። ስለ ንጉሡ ስጽፍ ልቤ ይራራል፣ ግን የእነዚያ ሰዎች ነፍስም ነፍስ ነው። ራሱም በኋላ በጻፈው ደብዳቤ በሕዝቡ ላይ ክፉ ማድረጉን አልካደም።

ዓርብ ሚያዝያ 3፣ ስቅለት፣ ሠራዊቱ ከአፋፉ ወደ አሮጌ ሜዳ ወረደ። መሪው ፊታውራሪ ገብርዬ። እንግሊዞች ከኋላው የሚጎርስ ስናይደር የሚባል አዲስ ጠመንጃ ይዘዋል። የእኛ ሰው አንዴ ተኩሶ እስኪያጎርስ ድረስ ያ ጠመንጃ ደጋግሞ ይተኩሳል። ወደ 700 ሰው ሞተ፣ ከ1,000 በላይ ቆሰለ። በእንግሊዝ በኩል ቁስለኛው 20 ያህል ነበር፣ ከእነሱም ሁለቱ ሞቱ። ገብርዬ ከወደቁት አንዱ ነው። አስከሬኑ ሜዳው ላይ አደረ። ንጉሡም ከላይ ሆኖ አየ፣ ዝናብም ጨለማም መጣ።

ቅዳሜ ጠዋት ቴዎድሮስ መልእክተኞች ላከ። ሁለቱ ከእስረኞቹ ወገን ናቸው፣ መኮንኑ ፕሪዶና ሚሲዮናዊው ፍላድ። ሦስተኛው የንጉሡ አማች ደጃዝማች አለሜ ነው። ናፒየር ተቀበላቸው። ለአለሜ መድፎቹንና ዝሆኖቹን አሳየው፣ ከአውሮፓውያኑ አንዱ ቢጎዳ ጉዳዩ በቀላሉ እንደማይታለፍ በአፍ አስጠነቀቀው። ከዚያ ደብዳቤ ጻፈ። አጭር ናት። ፍሬ ነገሯን እንዲህ ማለት ይቻላል፦ ግርማዊነትዎ እንደ ጀግና ተዋግተዋል፣ በእንግሊዝ ጦር ብልጫም ተሸንፈዋል። ከዚህ በላይ ደም እንዲፈስ አልፈልግም። ስለዚህ ለእንግሊዝ ንግሥት ከተገዙና አውሮፓውያኑን በሙሉ ዛሬውኑ በሰላም ካስረከቡ፣ ለራስዎም ለቤተሰብዎም የተከበረ አያያዝ እንደሚደረግልዎ ዋስ እሆናለሁ።

ጨዋ ደብዳቤ ናት፣ ይህን መካድ አይቻልም። ግን እንደገና አንብቧት። «ከተገዙ» ትላለች። «ዛሬውኑ» ትላለች። በመጨረሻም «የተከበረ አያያዝ» ትላለች።

መልእክተኞቹ ወደ ላይ ተመለሱ። ንጉሡ ደብዳቤዋ እንድትተረጎምለት አደረገ፣ ደግሞም እንድትደገምለት። ከዚያ የጠየቀው ጥያቄ የጉዳዩ ሁሉ እምብርት ነው ብዬ አምናለሁ። ይህ የተከበረ አያያዝ የምትሉት ምንድን ነው? እንደ እስረኛ በደህና ሊይዙኝ ነው? ወይስ አገሬን ከጠላቶቼ እንድመልስ ሊረዱኝ ነው?

ምን ዓይነት ጥያቄ ነው! አልተደናገረም፣ ገብቶታል። «አያያዝ» ያለው ሰው ሊይዝህ ነው። የሚከበረውም የተያዘ ሰው ነው። መልሱ ደብዳቤዋ ውስጥ አልነበረም። ናፒየር ሆን ብሎ ደበቀው ብዬ አልከስም። ከትእዛዙ ውጭ ቃል መግባት አይችልም ነበርና ቃሉን ክፍት ተወው። ግን ያ ክፍት ቃል ለአንዱ ጥንቃቄ፣ ለሌላው ወጥመድ ሆነ።

ቴዎድሮስ መልሱን አስጻፈ። «ካሳ» ያለበት ደብዳቤ ይህ ነው። ሲጀምር ለናፒየር አይደለም የሚናገረው። ለገዛ ሰዎቹ ነው። የሐበሻ ሰው ሆይ፣ እኔ ከፊት ካልቀደምኩ ሁልጊዜ ከጠላት እንዲህ ትሸሻላችሁን? እያለ ያማርራል። ከዚያ ሳይታወቅ ፊቱን ወደ እንግሊዙ ያዞራል። ግብር ስላስከፈልኳቸውና በሥርዓት ላስገዛቸው ስለፈለግሁ ያገሬ ሰዎች ጠሉኝ፣ እናንተ ግን ሥርዓት በገባ ሕዝብ አሸነፋችሁኝ ይላል። ይህ አረፍተ ነገር ቆም ያሰኛል። አንድ ንጉሥ ዕድሜውን ሁሉ ሊሠራው የሞከረውን ነገር፣ ደመወዝ ያለው፣ መዋጊያው አንድ ወጥ የሆነ፣ ትእዛዝ የሚሰማ ሠራዊት፣ በጠላቱ እጅ አየው። ሽንፈቱን በጠላት ብልጫ ብቻ አላሳበበም። ሕልሜን እናንተ ይዛችሁ መጣችሁ እንደማለት ነው።

ይቀጥላል። በከተማዬ ያበላኋቸው ብዙ ሰዎች አሉ ይላል። ጠባቂ ያላቸውና የሌላቸው ደናግል፣ ትናንት ባል የሞተባቸው ሴቶች፣ ልጅ የሌላቸው ሽማግሌዎች። እግዚአብሔር ኃይሉን ለእናንተ ሰጥቷልና እነዚህን እንዳትጥሏቸው። በጦር መካከል፣ ነገ ይሙት አይሙት በማያውቅበት ሰዓት፣ የሰው አደራ ሰጠ። ኢየሩሳሌም ድረስ ዘምቼ ቱርኮችን ላስወጣ አስቤ ነበርም ይላል። የሚዘጋው ደግሞ ታላላቅ ሰዎችን እንደ ሕፃን ያቀፈ ጦረኛ፣ እሱ ራሱ በሌላ ሰው ክንድ እንደማይታቀፍ በመናገር ነው።

ለናፒየር ጥያቄ መልሱ ይህች የመጨረሻ ቃል ናት። አልያዝም። ከደብዳቤው ጋር የናፒየርንም ወረቀት አብሮ መለሰለት። ለምን «ንጉሠ ነገሥት» እንዳላለ እኔ የሚመስለኝ ይኸው ነው። ዘውዱ እንዳለቀለት ያወቀ ሰው እናቱ ባወጣችለት ስምና በእምነቱ ብቻ ቆመ። ኑዛዜ የሚያስጽፍ ሰው ማዕረግ አያበዛም።

ፕሪዶና ፍላድ በዚያ ፀሐይ እንደገና ቁልቁል ወረዱ። ደብዳቤው ለናፒየር ተነበበለት። ከዚያ ምን አደረገ? ያንኑ የመጀመሪያውን ደብዳቤ፣ ቃል ሳይለውጥ፣ መልሶ ላከው። እንደ ወታደር ትክክል ነው፣ አቋሙ አልተለወጠም። እንደ ሰው ግን፣ አንዱ ልቡን ከፍቶ ባለቀሰበት ወረቀት ላይ ሌላው የጠዋቱን ማኅተም መልሶ እንደማስቀመጥ ነው። ደናግሉንና መበለቶቹን የሚመለከት አንድ መስመር ቢጨምር ምን ይጎዳው ነበር? ይህን ሁልጊዜ እጠይቃለሁ።

መልእክተኞቹ ዳገቱን ሳይጨርሱ ላይ ነገሩ ተገለባብጦ ነበር። ንጉሡ ሽጉጡን አፉ ውስጥ ከትቶ ስቧል። አልተኮሰም። ሰዎቹ ተረባርበው ያዙት፣ ሲነጥቁት ባረቀ። ቴዎድሮስ ይህን ከእግዚአብሔር የመጣ ምልክት ነው አለ። ዛሬ እንድሞት አልተፈቀደም። ወዲያው ራሳምና ካሜሮን ከሌሎቹ እስረኞች ጋር ወደ እንግሊዝ ሰፈር እንዲወርዱ አዘዘ። ፕሪዶና ፍላድ ዳገቱን ሲወጡ ከሚወርዱት ጋር መንገድ ላይ ተገናኙ።

በማግስቱ ጠዋት የመጣው ደብዳቤ እንግዲህ ከሞት የተመለሰ ሰው ደብዳቤ ነው። ፋሲካ ነው፣ ንጉሠ ነገሥቱም ስሙን ይዞ ተመልሷል። ሲጀምር ይቅርታ ይጠይቃል። ትውውቃችን ድንገት ስለሆነ በስምህ ልጠራህ አልቻልኩም ይላል። እስቲ አስቡት! ደም ተፋሰዋል፣ ሁለት ደብዳቤ ተላልከዋል፣ ንጉሡ ግን የሰውየውን ስም ስላላወቀ ያፍራል። ትናንት ያን ደብዳቤ በመላኬና ከአንተ ከወዳጄ ጋር በመጣላቴ አዘንኩ ይላል። ቅናት እንዳቃጠለው፣ ሰይጣን ሌሊት መጥቶ ራሱን እንዲገድል እንደፈተነው፣ ሽጉጡ እንዴት እንዳልተኮሰ አንድ በአንድ ይነግረዋል። ለጠላት የጦር አዛዥ! ደብዳቤህን የመለስኩት በሰማይ እንጂ በምድር አንገናኝም ብዬ ነው ይላል።

ከዚያ ሦስት ነገር ይጠይቃል። ዛሬ ፋሲካ ነውና ጥቂት ላሞች ልላክልህ። ወዳጄ ፊታውራሪ ገብርዬ እንዲቀበር ፍቀድልኝ። ትናንት አስከሬኑን ያላስነሳሁት አብረን የምንቀበር መስሎኝ ነው። ሦስተኛውን ሳነብ እንባዬ ይመጣል። አውሮፓውያኑን ሁሉ፣ የምወደውን ባለሙያ ዋልድማየርን ሳይቀር ጠይቀኸኛል፣ ይሁን ይሂዱ። አሁን ግን ወዳጆች ስለሆንን ያለ ባለሙያ አትተወኝ፣ የእጅ ሥራ እወዳለሁና። ጋፋት ላይ መድፍ ያሠራ፣ ሰባስቶፖል የተባለውን መድፍ በገደልና በሸለቆ አስጎትቶ መቅደላ ያደረሰ ሰው ነው ይህን የሚለው። ሁሉም ሊያልቅ አንድ ቀን ቀርቶት እንኳ ስለ ሙያ ያስባል።

ደብዳቤው በናፒየር ፊት ተተረጎመ። እዚህ ላይ ታሪኩ ለሁለት ይከፈላል። በራሳም በኩል የምንሰማው ናፒየር ስጦታውን እንደሚቀበል በቃሉ መናገሩን ነው። ናፒየር ግን በዚያ መንፈስ እንደተቀበለ አያምንም። መልስ በጽሑፍ አልሰጠም። ይህችን ልብ በሉ። በማግስቱ ዕጣ የሚወስን ጉዳይ በአፍ አለቀ፣ ያውም በአስተርጓሚ።

ቴዎድሮስ ዘንድ የደረሰው ወሬ «ተቀበለ» የሚል ነው። ላሙን ተቀበለ ማለት ታረቀ ማለት ነው። ይህን ላገራችን ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በፆም መፍቻ ቀን የላክኸውን የተቀበለ ሰው ቤትህ ገብቶ የበላ ያህል ነው። ተጣልተው የከረሙ ጎረቤታሞች አንዱ ለአንዱ የበዓል ድፎ ከላከ ነገሩ በረደ ይባላል። ካልተቀበሉህ ደግሞ ዕርቁ ተጥሏል። ስለዚህ ንጉሡ ደስ አለው። የቀሩትን አውሮፓውያን፣ ባለሙያዎቹን ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው አሰናበታቸው። መቅደላ ላይ አንድም መያዣ አላስቀረም። ከብቱም ወረደ፣ 1,000 ላምና 500 በግ።

ለናፒየር ግን ይህ ሁሉ ከብት ስጦታ ብቻ አልነበረም። በአገሩ ልማድ ምን እንደሚያስር ሰዎቹ ነግረውታል። ንጉሡ ገና እጁን አልሰጠም። ተቀበለ ከተባለ የዕርቅ ቃል ሊሆንበት ነው፣ ለዚያ ደግሞ ሥልጣን የለውም። ከብቱ ከእንግሊዝ ዘበኞች ፊት ቆመ። ወደ ሰፈሩ አልገባም። ንጉሡ ከብቱ እንዳልተገባለት የሰማው እስረኞቹን ሁሉ ከለቀቀ በኋላ ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ ያለኝን ሐሳብ ሳልሸፋፍን ልናገር። ናፒየር ዋሾ አልነበረም። ጨካኝም አልነበረም። ጥፋቱ ዝምታው ላይ ነው። «ስጦታዎን እስኪገዙልኝ ድረስ አልቀበልም» የሚል አንድ መስመር በጽሑፍ ፋሲካ ጠዋት ቢልክ፣ ቴዎድሮስ የት እንደቆመ ያውቅ ነበር። ምናልባት ሰዎቹን አይለቅም ነበር። ምናልባትም ለዚህ ነው መስመሩ ያልተጻፈው። አንድን ወታደር የማይጎዳው ዝምታ ጠላቱ በተሳሳተ መንገድ የሚረዳው ዝምታ ነው። በቴዎድሮስ በኩል ደግሞ፣ ያቺን የመጀመሪያ ጥያቄ፣ እስረኛ ነኝ ወይስ ወዳጅ የምትለውን፣ መልስ ሳያገኝላት ተዋት። ከሽጉጡ መክሸፍ በኋላ ተስፋ ይዞታል። ተስፋ ያለው ሰው የሚፈልገውን ይሰማል።

ሰኞ ሚያዝያ 6 ጠዋት ጥቂት ታማኞቹን ይዞ ሊወጣ ሞከረ፣ ሠራዊቱ አልከተለውም። ተከታዮቹን አሰናበተ። ከሰዓት በኋላ መድፉ ጀመረ፣ ወታደሮቹም በኮከት በር በኩል ወጡ። ሽጉጡ በዚህ ጊዜ ተኮሰ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ። አምባው ተበረበረ፣ ተቃጠለ። የተዘረፈውን ለመጫን 15 ዝሆንና ወደ 200 በቅሎ አስፈልጎ ነበር። የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፣ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ መንገድ ላይ አረፈች። «ለቤተሰብዎ የተከበረ አያያዝ» የተባለው ትዝ ይላችኋል? ልጁ በባዕድ አገር በ18 ዓመቱ ሞቶ ዊንድዘር ተቀበረ፣ እስከ ዛሬም እዚያው ነው። ናፒየር ደግሞ «የመቅደላ ሎርድ ናፒየር» የሚል ማዕረግ ተሰጠው። ስማቸውን ያልተለዋወጡ ሁለት ሰዎች ነበሩ፣ አንዱ በሌላው አምባ ስም ተጠራ።

ወታደሮቹ ሲገቡ ንጉሡን ወድቆ አገኙት። ሽጉጡ ካሜሮን በ1855 ከንግሥቲቱ ይዞለት ከመጣው ስጦታ ነው። የብር ሰሌዳ አለበት፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈበት። ለአገልጋይዋ ለፕላውደን፣ ከካሜሮን በፊት ለነበረው ቆንስል፣ ላደረገው በጎነት ቪክቶሪያ ለቴዎድሮስ የምስጋና ምልክት አድርጋ እንደሰጠችው ይናገራል። ወታደሮቹ አንሥተው አነበቡት።